ሴሽኑ የት ጋ ነው የሚጠፋው? ለፒኤችፒ ፕሮግራመሮች የፍለጋ መመሪያ

ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ይገባል፤ ዋናው ገጽ ይከፈትለታል፤ ቀጣዩን ሊንክ ሲጫን ግን እንደገና «ይግቡ» የሚለው ገጽ ይመጣበታል። ወይም ሦስት ዕቃ መርጦ ለመክፈል ሲሄድ ጋሪው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። በላፕቶፕዎ ላይ አንድም ቀን ያላስቸገረ ሥርዓት ሆስት ላይ በወጣ ማግስት እንዲህ ይሆናል። በፒኤችፒ የሚሠራ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህ ሳይገጥመው አይቀርም።

በዚህ ጊዜ የብዙዎቻችን እጅ የሚቸኩለው ወደ ማስተካከያው ነው። የሴሽኑን ዕድሜ ወደ አንድ ወር ማሳደግ፣ ከየትም የተገኘ የቅንብር መስመር ገልብጦ መለጠፍ፣ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት። አንዳንዴ በአጋጣሚ ይሠራል፤ ለምን እንደሠራ ስለማይታወቅ ግን ችግሩ ሌላ ቀን በሌላ መልክ ይመለሳል። ይህ መመሪያ የሚመክርዎት ነገር አንድ ነው፦ ሴሽኑ ከየትኛው ቦታ ላይ እንደተበጠሰ ሳያውቁ አንድም መስመር አይቀይሩ።

ሴሽን በአንድ ቦታ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ እጅዎ ላይ የሚቀረው ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ነው፤ የሕመም ታሪክዎ ያለበት ማህደር ካርድ ክፍል ይቀመጣል። ብሮውዘሩ የሚይዘው ኩኪ እንደ ካርዱ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው መረጃ እንደ ማህደሩ ነው፤ የእርስዎ ኮድ ደግሞ ቁጥሩን አይቶ ማህደሩን እንደሚያወጣውና እንደሚመልሰው ሠራተኛ ነው። «ሴሽኑ ጠፋ» ሲባል ወይ ካርዱ አልደረሰም፣ ወይ ማህደሩ አልተገኘም፣ ወይ ሠራተኛው ውስጡን አበላሽቶታል። የሦስቱ መድኃኒት ለየቅል ነው።

የትእዛዞቹንና የቅንብሮቹን ስም ከዚህ በታች እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልግዎ አንድ የሙከራ ተጠቃሚ፣ የገንቢ መሣሪያ ያለው ብሮውዘር (ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ይበቃል)፣ በኤስኤስኤችም ይሁን በሲፓነል ወደ ሰርቨሩ ፋይሎች የሚገቡበት መንገድ እና የፒኤችፒ የስህተት ሎግ ነው። ሎጉ ከሁሉም ይበልጣል። ሰው በሚገለገልበት ሰርቨር ላይ ስህተትን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ዲስፕሌይ_ኤረርስ መዘጋት አለበት፤ ስህተትን ወደ ፋይል የሚጽፈው ሎግ_ኤረርስ ግን ክፍት መሆን አለበት። ሁለቱንም ዘግቶ የሚፈልግ ሰው፣ ፒኤችፒ ራሱ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ የሚነግረውን ሳይሰማ ይደክማል።

ሙከራውን ሁሉ በግል መስኮት ያድርጉ። የትናንት ኩኪ ብሮውዘሩ ውስጥ ቀርቶ የዛሬውን ማስተካከያ ያልሠራ ሊያስመስለው ይችላል። አንድ ነገር በቀየሩ ቁጥርም መስኮቱን ዘግተው አዲስ ይክፈቱ።

ደረጃ 1፦ ምልክቱን ይለዩ

ደንበኛው ደውሎ «ያስወጣኛል» ሲልዎት ወደ ኮዱ ሳይሄዱ መቼ፣ የት እና ማንን እንደሚያስወጣ ይጠይቁ።

ሁሉንም ሰው ሁልጊዜ የሚያስወጣ ከሆነ ከደረጃ 2 ጀምረው በቅደም ተከተል ይሂዱ። ለተወሰነ ደቂቃ በደህና ሠርቶ ከዚያ የሚጠፋ ከሆነ ደረጃ 6 ይጠብቅዎታል። ከክፍያ ገጽ ወይም ከሌላ ድረ ገጽ ሲመለስ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ኩኪው ላይ ነው፤ ደረጃ 4ን ይመልከቱ። አንዳንዱን ሰው ብቻ የሚያስወጣ ከሆነ የሚወጡት ሰዎች ምን እንደሚያመሳስላቸው ይጠይቁ፤ አንድ ዓይነት ስልክ፣ አንድ ዓይነት አድራሻ ወይም በአማርኛ የተጻፈ ስም ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው እንግዳ ቢመስልም ደረጃ 5 ላይ እንመለስበታለን።

አንድ ተጠቃሚ የሌላ ሰው ስም ወይም ትእዛዝ ታየኝ ካለዎት ግን ሌላውን ሁሉ ትተው ወደ ደረጃ 8 ይለፉ። ያ የግል መረጃ መፍሰስ ነው፤ ጊዜ አይሰጥም።

ደረጃ 2፦ በቆጣሪ ገጽ ይፈትኑ

ከሙሉው ሥርዓት ጋር ከመታገልዎ በፊት፣ ከእርስዎ ኮድ ጋር ምንም የማይገናኝ አንድ ትንሽ ፋይል ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡ። ፋይሉ ሴሽን_ስታርት()ን ይጥራ፤ በሴሽኑ ውስጥ «ቆጣሪ» በሚል ቁልፍ ላይ 1 ይጨምር፤ የቆጣሪውን ዋጋ ያትም፤ ከሥሩ በሴሽን_አይዲ() የሚገኘውን መለያ ያትም። ከዚያ ገጹን ደጋግመው ያድሱት።

ይህች ገጽ ግማሹን ሥራ ትጨርስልዎታለች። ቁጥሩ 1፣ 2፣ 3 እያለ ካደገና መለያው ካልተለወጠ ኩኪውም ማከማቻውም ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ ያለው በእርስዎ ኮድ ነውና ደረጃ 3ን አይተው ወደ ደረጃ 7 ይሂዱ። ቁጥሩ 1 ላይ ቆሞ መለያው በየእድሳቱ ከተለወጠ ኩኪው ወይ ከሰርቨሩ አልወጣም፣ ወይ ከብሮውዘሩ አልተመለሰም፤ ደረጃ 3 እና 4 የእርስዎ ናቸው። መለያው እንዳለ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ 1 ላይ ከቆመ ደግሞ ብሮውዘሩ ድርሻውን ተወጥቷል፤ መረጃው የማይቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ደረጃ 5።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ሴሽን.ዩዝ_ስትሪክት_ሞድ የሚባለው ቅንብር ክፍት ከሆነ (ለደህንነት ሲባል ክፍት መሆን ይገባዋል) ሰርቨሩ ማከማቻው ውስጥ ያላገኘውን መለያ አይቀበልም፤ አዲስ ይሰጣል። ስለዚህ የተበላሸው ማከማቻው ሆኖም መለያው ሊለዋወጥ ይችላል። እውነቱን የሚነግርዎት የብሮውዘሩ ኔትወርክ ገጽ ነው። ኤፍ12ን ተጭነው ገጹን ያድሱና ሁለተኛውን ጥያቄ ይክፈቱ፤ በጥያቄው ሄደሮች ውስጥ «ኩኪ» የሚለው መስመር መለያውን ይዞ ከሄደ ብሮውዘሩን ነጻ ያውጡት።

የቆጣሪውን ገጽ በትክክል ተጠቃሚው በሚገባበት አድራሻ ይፈትኑት፤ በኤችቲቲፒኤስ ከሆነ በኤችቲቲፒኤስ፣ «ደብሊው ደብሊው ደብሊው» ካለው ከነእሱ። ሲጨርሱ ፋይሉን ማጥፋት አይርሱ።

ደረጃ 3፦ ከሴሽኑ ቀድሞ የወጣ ጽሑፍ ካለ ይፈልጉ

ኩኪ የሚጓዘው በሄደር ነው፤ ሄደር ደግሞ ከገጹ ይዘት በፊት ይወጣል። ከይዘቱ አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ ቀድማ ከወጣች በሩ ተዘግቷል፤ ሴሽን_ስታርት() ኩኪውን መላክ አይችልም። ሎጉ ላይ «ሄደርስ ኦልረዲ ሴንት» የሚል ቃል ካዩ ይኸው ነው። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ የጀመረበትን ፋይልና መስመር አብሮ ይጠቅሳል። ብዙ ሰው ሴሽን_ስታርት() ያለበትን መስመር እያየ የሚደክመው ሁለተኛውን አድራሻ ሳያነብ ስለሚቀር ነው።

የተለመዱት ምክንያቶች ከፒኤችፒ መክፈቻ በፊት የገባ ባዶ መስመር፣ ከመዝጊያው ምልክት በኋላ የቀረ ባዶ መስመር እና ለሙከራ ተጽፎ የተረሳ ማተሚያ ትእዛዝ ናቸው። ፒኤችፒ ብቻ በያዘ ፋይል መጨረሻ ላይ የመዝጊያውን ምልክት አይጻፉ፤ አያስፈልግም።

በአማርኛ ገጽ ለሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ፋይል በዩቲኤፍ-8 መቀመጥ አለበት፤ የቆየው የዊንዶውስ ኖትፓድ ደግሞ «ዩቲኤፍ-8» ሲባል ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባሉ 3 የማይታዩ ባይቶች ያክላል። በዓይን አይታዩም፤ ብሮውዘሩም ላይ አይታዩም፤ ለፒኤችፒ ግን ቀድሞ የወጣ ጽሑፍ ናቸው። ስህተቱ መስመር 1ን ከጠቀሰና እዚያ ምንም ካላዩ ፋይሉን በቪኤስ ኮድ ከፍተው ያለ ቦም እንደገና ያስቀምጡት። ፋይሉ ከውስጡ የሚጠራቸውን ሌሎች ፋይሎችም እንዲሁ ይመርምሩ፤ ቦሙ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው የትርጉም ጽሑፎች ባሉበት ፋይል ውስጥ ነው።

«ታዲያ ላፕቶፔ ላይ እንዴት ሠራ?» ካሉ መልሱ አውትፑት_በፈሪንግ ነው። ይህ ቅንብር ሲከፈት ፒኤችፒ ጽሑፉን ወዲያው አይልክም፤ አጠራቅሞ ይይዘዋል፤ ከፒኤችፒ ጋር በሚመጡት የማዋቀሪያ ፋይል ናሙናዎች ውስጥ 4096 ባይት ተደርጎ ተቀምጧል። ማዋቀሪያ ፋይል ከሌለ ግን ዝግ ነው። ስለዚህ አንዱ ማሽን ስህተቱን ይሸፍንልዎታል፣ ሌላው ያወጣዋል። ኦቢ_ስታርት()ን ከላይ ለጥፎ ማለፍ ፈጣን ነው፤ አልመክረውም። ከእሱ ቀድሞ የወጣ ባዶ መስመር ወይም ቦም ካለ ያው ስህተት ይመለሳል።

ደረጃ 4፦ ኩኪውን ይመርምሩ

በክሮም «አፕሊኬሽን»፣ በፋየርፎክስ «ስቶሬጅ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። ስሙን ካልቀየሩት ኩኪው «ፒኤችፒሴስአይዲ» ይባላል። ከፊቱ የተጻፉትን እያንዳንዱን ያንብቡ።

ዶሜይኑን ይመልከቱ። ተጠቃሚው በ«ደብሊው ደብሊው ደብሊው» ገብቶ ቅጹ ያለ እሱ ወዳለው አድራሻ ከላከው፣ ለብሮውዘሩ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው፤ የአንዱን ኩኪ ለሌላው አይሰጥም። የሚሻለው መፍትሔ የኩኪውን ዶሜይን ማስፋት ሳይሆን አንዱን አድራሻ መርጦ ሌላውን ሰርቨሩ ላይ ወደ እሱ ማዞር ነው።

ፓዙን ይመልከቱ። «/አድሚን» ተብሎ የተቀመጠ ኩኪ ከዚያ አቃፊ ውጭ ላለ ገጽ አይላክም። «ሴክዩር» የተባለ ኩኪ ደግሞ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ነው የሚጓዘው፤ አንዲት ሊንክ በኤችቲቲፒ ከቀረች ተጠቃሚው እዚያች ገጽ ላይ እንደ እንግዳ ይቆጠራል። ሴክዩርን አጥፍቶ ችግሩን «መፍታት» መታወቂያውን መንገድ ላይ ላለ ሰው ሁሉ መግለጥ ነው፤ ይልቅ ሊንኮቹን ያስተካክሉ።

ሴምሳይት የሚባለው ባሕርይ ግን ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የመስመር ላይ ክፍያ የጨመረ ሥርዓት ብዙ ጊዜ የሚመታው እዚህ ነው። ክሮም ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሴምሳይት ያልተጻፈበትን ኩኪ «ላክስ» አድርጎ ይቆጥረዋል። ላክስ የሆነ ኩኪ ተጠቃሚው ከሌላ ድረ ገጽ ሊንክ ተጭኖ ሲመጣ ይላካል፤ ከሌላ ድረ ገጽ በፖስት ቅጽ ሲመለስ ግን አይላክም። አሁን ሂደቱን ይከተሉ። ደንበኛው ከእርስዎ ገጽ ወደ ክፍያ ገጽ ይሄዳል፤ ይከፍላል፤ የክፍያው ገጽ በፖስት ይመልሰዋል። ኩኪው አልመጣም። የመመለሻው ገጽ ሴሽን_ስታርት()ን ሲጠራ ፒኤችፒ አዲስ ሴሽን ይከፍታል፤ አዲሱን ኩኪም በአሮጌው ላይ ይጽፍበታል። ደንበኛው ገንዘቡ ተቆርጦ፣ ጋሪው ባዶ ሆኖ፣ ከሥርዓቱ ተባርሮ ይገኛል።

ሴምሳይትን «ነን» ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ሴክዩር ግዴታ ነው፤ ከሌሎች ድረ ገጾች የሚመጣ የሐሰት ጥያቄም ኩኪውን ይዞ ይገባል። እኔ የምመርጠው ሌላውን ነው። የመመለሻውን ገጽ ሴሽን ሳይከፍት እንዲሠራ ያድርጉት፦ የግብይቱን ቁጥር ተቀብሎ፣ ከክፍያ አገልግሎቱ ጋር አረጋግጦ፣ ውጤቱን ዳታቤዝ ላይ ጽፎ በ303 ሪዳይሬክት ወደ ራስዎ «የትእዛዝዎ ሁኔታ» ገጽ ይላከው። ያ ገጽ የሚከፈተው በጌት ስለሆነ የቀድሞው ኩኪ አብሮ ይመጣል፤ ሴሽኑም እንደነበረ ይገኛል።

ከዚሁ ጋር የሚምታታ ሌላ ጉዳይ አለ። የክፍያ አገልግሎቱ ሰርቨር ክፍያው መፈጸሙን ለእርስዎ ሰርቨር በቀጥታ ሲያሳውቅ ደንበኛው በመካከሉ የለም፤ ብሮውዘርም ኩኪም የለም። እዚያ ገጽ ላይ ከሴሽን «የተጠቃሚ ቁጥር» የሚፈልግ ኮድ ሁልጊዜ ባዶ ያገኛል። ትእዛዙን በግብይት ቁጥሩ ከዳታቤዝ ይፈልጉ።

የፊት ገጹ በአንድ ዶሜይን፣ ኤፒአዩ በሌላ ዶሜይን ከሆነ ደግሞ የጃቫስክሪፕቱ ፌች ጥሪ «ክሬደንሻልስ፦ ኢንክሉድ» ካልተባለ ኩኪ አይልክም፤ ሰርቨሩም የፊት ገጹን አድራሻ በስሙ ጠቅሶ መፍቀድ አለበት። ኮከብ ምልክት ከኩኪ ጋር አይሠራም።

ደረጃ 5፦ ማከማቻውን ይመርምሩ

በሴሽን_ሴቭ_ፓዝ() የማከማቻውን አቃፊ ይወቁና ወደዚያ ይሂዱ። መደበኛው አሠራር ለእያንዳንዱ ሴሽን «ሴስ_» ብሎ የሚጀምርና በመለያው የሚጨርስ ፋይል መፍጠር ነው። የእርስዎ መለያ ያለበት ፋይል አለ? ባይቱ 0 ነው ወይስ ይዘት አለው? ገጹን ሲያድሱ የተቀየረበት ሰዓት ይለወጣል?

ፋይሉ ጭራሽ ከሌለ አቃፊው መኖሩን፣ ከዚያም ፒኤችፒ የሚሠራበት ተጠቃሚ እዚያ መጻፍ መቻሉን ያረጋግጡ። ሰርቨር በተዛወረ ወይም የፒኤችፒ ሥሪት በተቀየረ ሰሞን የሚከሰተው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ፈቃዱን 777 አድርጎ መገላገል ትልቅ ስህተት ነው፤ በዚያው ሰርቨር ላይ ያለ ሌላ ሰው የደንበኞችዎን የሴሽን መለያ ከፋይሎቹ ስም ማንበብ ይችላል። የአቃፊውን ባለቤትነት ለትክክለኛው ተጠቃሚ ይስጡት። ዲስኩ መሙላቱንም ይመልከቱ፤ ቦታ እያለ የፋይል ቁጥር ገደብ (አይኖድ) ሊያልቅ ስለሚችል ሁለቱንም ይቁጠሩ።

ከአንድ በላይ ሰርቨር ካለዎትና ሴሽኑ በፋይል የሚቀመጥ ከሆነ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» ለሚለው ቅሬታ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። የመጀመሪያው ጥያቄ አንዱ ሰርቨር ላይ ይደርሳል፣ ሁለተኛው ሌላው ላይ። ሴሽኑን ሁሉም በሚያገኙት ቦታ፣ በሬዲስ ወይም በዳታቤዝ፣ ያስቀምጡት።

ሴሽኑን በማይኤስኪውኤል ካስቀመጡ ደግሞ የዓምዱን ዓይነት ይመልከቱ። «ቴክስት» የተባለ ዓምድ የሚይዘው 65,535 ባይት ነው። ጥብቅ ያልሆነ ቅንብር ላይ ከዚያ ያለፈው ተቆርጦ ይቀራል፤ የተቆረጠውን ፒኤችፒ መልሶ መፍታት ስለማይችል ሴሽኑን ሙሉ በሙሉ ይጥለዋል። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ በእንግሊዝኛ የተሞከረ ቅጽ በአማርኛ ሲሞላ እስከ ሦስት እጥፍ ሊከብድ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው የፊደል ስብስቡ ነው። ፒኤችፒ «ሰላም» የሚለውን ቃል ሴሽን ውስጥ ሲያስቀምጥ ርዝመቱን አብሮ ይጽፋል፦ 9 ባይት። ጥብቅ ባልሆነ ቅንብር ላይ ዓምዱ «ላቲን1»፣ የዳታቤዝ ግንኙነቱ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 ከሆነ ግን ሦስቱ ፊደላት ወደ ሦስት የጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ፤ 3 ባይት። ፒኤችፒ 9 ብሎ ሲያነብ 3 ያገኛል፤ ሴሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋዋል፤ ሎጉ ላይም የሴሽኑን ይዘት መፍታት እንዳልቻለ ይጽፋል። ስማቸውን በላቲን ፊደል ያስመዘገቡ ሰዎች በሰላም ይገለገላሉ፤ በአማርኛ ያስመዘገቡት ብቻ ይባረራሉ። በራሱ ቋንቋ ስሙን የጻፈ ሰው በዚህ ምክንያት ከአገልግሎት ውጭ መሆን የለበትም። ዓምዱን «ሚዲየምብሎብ» ያድርጉት፤ ብሎብ የፊደል ስብስብ ስለሌለው ማይኤስኪውኤል ባይቶቹን አይነካቸውም። የሙከራ ተጠቃሚዎ ስምም ሁልጊዜ በአማርኛ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ጊዜው እያለፈበት እንደሆነ ያረጋግጡ

ሁለት ዕድሜዎች አሉ፤ የሚያምታታው አንዱን ብቻ ማየት ነው። ሴሽን.ኩኪ_ላይፍታይም የኩኪው ዕድሜ ነው፤ 0 ሲሆን ብሮውዘሩ እስኪዘጋ ማለት ነው። ሴሽን.ጂሲ_ማክስላይፍታይም ሰርቨሩ ላይ ያለው መረጃ ያለ ንክኪ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ መነሻው 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው። ኩኪውን ለ30 ቀን አድርጎ ሁለተኛውን ያልነካ ሰው ባዶ ሴሽን የሚያመለክት ኩኪ ለወር ያስቀምጣል።

ዕድሜያቸው ያለፈባቸውን ሴሽኖች የሚያጠፋው ጽዳት በዕድል የሚነሳ ስለሆነ ሴሽኑ አንዴ በ25 ደቂቃ፣ አንዴ በ2 ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ይህ ዕድል 0 ተደርጎ ጽዳቱ በየ30 ደቂቃው በሚነሳ የተለየ ሥራ ይከናወናል። ያ ሥራ የሚያነበው ማዋቀሪያ ፋይሉን ብቻ ነው፤ በኮድዎ ውስጥ በአይኤንአይ_ሴት የጨመሩትን ዕድሜ አያውቀውም። በኮድ ወደ ሌላ አቃፊ ካዞሩት ደግሞ ጭራሽ አያጸዳውም፤ ፋይሎቹ እየተጠራቀሙ ዲስኩን ይሞላሉ። ሁለት ሥርዓቶች አንድ አቃፊ ከተጋሩም አጭር ዕድሜ ያለው የረጅሙን ፋይሎች አብሮ ይጠርጋል። ለእያንዳንዱ ሥርዓት የራሱን አቃፊ ይስጡ።

ረጅም ቅጽ የሚሞላ ሰው 24 ደቂቃ ሙሉ ሰርቨሩን ላይነካ ይችላል። ለእሱ መድኃኒቱ ዕድሜውን ማርዘም ብቻ አይደለም፤ ረቂቁን በየጥቂት ደቂቃው ዳታቤዝ ላይ የሚያስቀምጥ ትንሽ ጥሪ ይጨምሩ። መብራትም ኔትወርክም ቢቋረጥ የሰውየው ድካም አይባክንም።

ደረጃ 7፦ ኮዱን ይመርምሩ

እዚህ ከደረሱ ኩኪውም ማከማቻውም ደህና ናቸው። በየገጹ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሰዓቱን፣ የገጹን አድራሻ፣ በሴሽኑ ውስጥ ያሉትን ቁልፎች ስምና ከመለያው ሃሽ የመጀመሪያ 8 ፊደላትን ሎግ ላይ የሚጽፍ መስመር ያስገቡ። ሙሉውን መለያ አይጻፉ፤ ሎጉን ያየ ሁሉ በደንበኛው ስም መግባት ይችላል። ከዚያ ስህተቱን ይድገሙትና መረጃው በየትኞቹ ሁለት መስመሮች መካከል እንደጠፋ ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚገኙት እነዚህ ናቸው።

ገጹ ሴሽን_ስታርት()ን አልጠራም፤ በተለይ በአጃክስ የሚጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ይረሳሉ። ከሪዳይሬክት ሄደር በኋላ ኤግዚት አልተጻፈም፤ ብሮውዘሩ ሄዷል፣ ኮዱ ግን ወደ ታች ሩጫውን ቀጥሎ ሴሽኑን ያጸዳዋል። የቁልፉ ስም አንድ ቦታ በትልቅ፣ ሌላ ቦታ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ቁልፉ ቁጥር ብቻ ነው፤ መደበኛው አቀማመጥ በቀጥታ ሴሽኑ ሥር ያለን የቁጥር ቁልፍ ይዘለዋል። መረጃው የተጻፈው ሴሽን_ራይት_ክሎዝ() ከተጠራ በኋላ ነው። ሴሽኑ ውስጥ ኦብጀክት ተቀምጦ ክላሱ ከሴሽን_ስታርት() በፊት አልተጫነም። የዳታቤዝ ግንኙነት ሴሽን ውስጥ ለማስቀመጥ የሞከረ ካለም አይቻልም፤ የተጠቃሚውን ቁጥር ብቻ ያስቀምጡ።

ሰው የማይጠረጥረው የሌለ ምስል ነው። ለጠፋ ምስል የሚመጣው ጥያቄ በፍሬምወርኩ በኩል ካለፈ አንድ ተጨማሪ ገጽ እንደተከፈተ ይቆጠራል፤ «በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል» የሚለው የአንድ ጊዜ መልእክት ሰው ሳያየው ይበላል። የኔትወርኩ ገጽ ላይ ያሉትን 404ዎች ሁሉ ያስተካክሉ።

ተጠቃሚ ሲገባ መለያውን በሴሽን_ሪጀነሬት_አይዲ() መቀየር ተገቢ ነው፤ በየገጹ መቀየር ግን ችግር ያመጣል። አዲሱ ኩኪ ተልኮ መልሱ ደካማ በሆነ የሞባይል ኔትወርክ መንገድ ላይ ከቀረ ብሮውዘሩ አሮጌውን፣ ምናልባትም የተሰረዘውን መለያ ይዞ ይመለሳል። የፒኤችፒ መመሪያ ሰነድም ይህን ያስጠነቅቃል። ሲገባና የመብት ደረጃው ሲለወጥ ብቻ ይቀይሩ። ሴሽንን ከአይፒ አድራሻ ጋር ማሰርንም ይተዉ፤ ከቢሮ ዋይፋይ ወጥቶ በሞባይል ዳታ የቀጠለ ሰው አይፒው ይለወጣል፤ በየመንገዱ ይባረራል።

ምልክቱ መጥፋት ሳይሆን መንቀርፈፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሪፖርት በሚወጣበት ጊዜ የዚያው ሰው ሌሎች ታቦች ሁሉ የሚቆሙ ከሆነ፣ ምክንያቱ የሴሽኑ መቆለፍ ነው። በፋይል የሚቀመጥ ሴሽን ገጹ እስኪጨርስ ተቆልፎ ይቆያል። የሚያስፈልግዎትን አንብበው፣ ከባዱ ሥራ ሳይጀመር ሴሽን_ራይት_ክሎዝ()ን ይጥሩ። በፒኤችፒ የሬዲስ ኤክስቴንሽን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የመቆለፊያው ቅንብር ካልተከፈተ በቀር መቆለፍ የለም፤ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ከጻፉ የመጨረሻው የፊተኛውን ይደመስሳል። ሁለት ዕቃ በፍጥነት ሲጨመር አንዱ የሚጠፋበት ጋሪ ካለዎት ይህን ይጠርጥሩ።

ደረጃ 8፦ የሌላ ሰው መረጃ ከታየ

መጀመሪያ ከሰርቨሩ ፊት ያለውን ካሽ ሁሉ ያጥፉ፤ ሲዲኤንም ይሁን ኤንጂንኤክስ ወይም ቫርኒሽ። በብዛት ምክንያቱ የገባ ተጠቃሚ ገጽ ተቀምጦ ለሌላው መሰጠቱ ነው። ኩኪ የሚያስቀምጠው ሄደር አብሮ ከተቀመጠ ደግሞ ሁለተኛው ሰው የፊተኛውን ሴሽን ራሱን ይረከባል። ስለዚህ ካሹን ከማጽዳት ጋር ያሉትን ሴሽኖች ሁሉ ይሰርዙ፤ ሁሉም እንደገና ይግባ። ለገቡ ተጠቃሚዎች የሚወጣ ገጽ ሁሉ «ካሽ-ኮንትሮል፦ ፕራይቬት፣ ኖ-ስቶር» ይዞ እንዲወጣ ያድርጉ። ሴሽን.ዩዝ_ኦንሊ_ኩኪስ ክፍት መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ዝግ ከሆነ መለያው በሊንክ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሊንኩን በቴሌግራም ለጓደኛው የላከ ሰው መለያውን አብሮ ይልካል።

ደረጃ 9፦ ማስተካከያውን ያረጋግጡ

መጀመሪያ ችግሩን ያሳየዎትን ሁኔታ በዚያው መንገድ ይድገሙት፤ በዚያው አድራሻ፣ በዚያው ስልክ፣ በዚያው የክፍያ ጉዞ። ከዚያ በሁለት ብሮውዘሮች በሁለት የተለያዩ ስሞች ገብተው አንዱ ሌላውን እንደማይነካ ይመልከቱ። ለፍለጋ የጨመሯቸውን የሎግ መስመሮችና የቆጣሪውን ገጽ ያስወግዱ። የጊዜ ችግር ከነበረ ደግሞ ገጹን ከፍተው፣ ካዘጋጁት ዕድሜ ትንሽ ባነሰ ጊዜ ሳይነኩት ቆይተው አንዴ፣ ከዕድሜው አልፈው ጽዳቱ የሚነሳበትን ጊዜ ጨምረው አንዴ ያድሱት፤ በመጀመሪያው እንዳለ ሊቆይ፣ በሁለተኛው ሊያስወጣዎት ይገባል። ሁለቱንም ሳያዩ ለደንበኛው «ተስተካክሏል» ብለው አይደውሉ።